«ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?» በማን አቆጣጠር?

«ዕብድ ቢጨምት እስከ እኩለ ቀን ነው» ይላል ያገራችን ሰው። ተረትና ምሳሌ የአበው ጥበብ ነው እየተባልን ስላደግን ይህንንም አባባል ቆም ብለን መርምረነው አናውቅም። አባባሉ ግን ፍርድ ነው። በአእምሮ ሕመም የተያዘ ሰው ልቡ ቢመለስለት እንኳ ከግማሽ ቀን በላይ አይፈቀድለትም፤ ከቀትር በኋላ ያለው ጊዜ የእርሱ አይደለም ማለት ነው። የቆየ ነገር ነው ብለን እንዳናልፈው ደግሞ፣ ዛሬም በዚህች በሞያሌ፣ ነጭ ካፖርት በለበሰ ባለሙያም ሆነ በሕመምተኛው የገዛ ቤተሰብ አፍ «ጊዜ አያውቅም» በሚል ሌላ ቃል ሲነገር እንሰማዋለን። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ፍርድ ብዙ ጊዜ የፈራጁን የቀን መቁጠሪያ እንጂ የሕመምተኛውን አእምሮ እንደማይለካ፣ በሕመምተኛው ላይ የሚያደርሰውም ጉዳት ቀላል እንዳልሆነ ማሳየት ነው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ለጽሑፉ መነሻ ከሆነኝ ገጠመኝ ልጀምር። የራሴም ጥፋት ያለበት ገጠመኝ ነው።

ዕለቱ ሐሙስ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ማርች 14 ቀን 2019። በኬንያው ሞያሌ፣ ከመሀል አገር ለጥቂት ቀናት በመጣ አንድ የሕክምና ባለሙያና ከአማርኛ በቀር ሌላ ቋንቋ በማይችል አንድ ወጣት መካከል ተቀምጬ አስተረጉም ነበር። ወጣቱ ሌሎች የማይሰሙትን ድምፅ መስማት ከጀመረ ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል። ያመጡት እናቱ ናቸው። ሥራው ከመጀመሩ በፊት ባለሙያው አንድ ጥብቅ ማሳሰቢያ ሰጠኝ፤ ሕመምተኛው የሚለውን ቃል በቃል እንዳስተላልፍ፣ እንዳላቃናለት፣ እንዳላብራራለት። ማሳሰቢያው ያለ ምክንያት የተሰጠ አልነበረም። የተዘበራረቀን ንግግር አስተርጓሚው አሳምሮ ካቀረበው ሐኪሙ ሕመሙን አያየውም። ስለዚህ ያለ ማንገራገር ተስማማሁ።

ጥያቄው ቀጠለ። ዓመቱ ስንት ነው? «2011» አለ ወጣቱ። ወሩስ? «መጋቢት።» ቀኑስ? «አምስት። ዛሬ አቦ ነው፤ ንግሥ ነው።» አሁን ስንት ሰዓት ይሆናል? «አራት ሰዓት አልፏል።» ዕድሜህስ? «ሠላሳ አንድ።» በስንት ዓመተ ምሕረት ተወለድህ? «በ1980።» እኔም በታዘዝሁት መሠረት ቁጥሩን በቁጥር፣ ስሙን በስሙ እያደረግሁ አቀበልሁ። ባለሙያው ጻፈ። በእርሱ አቆጣጠር ወጣቱ ዓመቱን በስምንት፣ ቀኑን በዘጠኝ፣ ሰዓቱን በስድስት ስቷል። ከ1980 እስከ 2019 ያለው ሠላሳ ዘጠኝ ሆኖ ሳለ ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነው ብሏል። በዚያ ላይ ማንም ሳይጠይቀው ስለ አንድ «አቦ» ስለሚባል ነገር ያወራል። መደምደሚያው አጭር ነበር፤ ጊዜን አያውቅም።

ከመነሣታችን በፊት ወጣቱ ሌላም ነገር ተናገረ። «ትናንት አላለቀም፤ ሳያልቅ ዛሬ መጣበት። እኔ በሁለቱ መካከል ቀረሁ። ስናገርም ቃሉ ከእኔ ቀድሞ ይወጣል» አለ። ይህንንም አስተረጎምሁ። ቅጹ ላይ ለዚህ የሚሆን ክፍት ቦታ ስላልነበረ አልተጻፈም።

ደጅ ስንወጣ እናትየዋ «ምን አሉት ልጄ?» ብለው ጠየቁኝ። «ቀኑን አላወቀም አሉ፣ እማማ» አልኋቸው። ሴትዮዋ በመገረም አዩኝ። «እንዴት አላወቀም? እኔስ ብሆን ዛሬ አቦ መሆኑን ያስታወሰኝ እርሱ አይደለም እንዴ?» አሉ። ያን ጊዜ ያደረግሁት ነገር ገባኝ። መጋቢት 5 ቀን የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ዓመታዊ በዓል ነው። ወጣቱ አንድም ጥያቄ አልሳተም። ዓመቱን፣ ወሩን፣ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ዕድሜውን፣ በዓሉን ሁሉ በትክክል መልሷል። የሳትሁት እኔ ነበርሁ። ተመልሼ ለባለሙያው ባስረዳው «ያለው ኬንያ ውስጥ ስለሆነ የኬንያን ቀን ማወቅ ነበረበት» አለኝና ቀጣዩን ሕመምተኛ አስጠራ።

ለመሆኑ ሞያሌ ውስጥ «የዛሬ ቀን» የምንለው ስንት ነው? ከድንበሩ ወዲህና ወዲያ ያለው ፀሐይ አንድ ነው፤ ሁለቱም መንግሥታት የሚጠቀሙበት የሰዓት ክልልም አንድ ነው። የሚለያየው አቆጣጠሩ ነው። በኢትዮጵያው ወገን ዓመቱ አሥራ ሦስት ወር አለው። ከአውሮፓውያኑ ዘመን ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ በሰባት፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን በስምንት ዓመት ያንሳል። ሰዓቱ የሚቆጠረው ከንጋት ነው። ከምድር ወገብ ብዙ በማይርቀው በዚህ አገር ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በተቀራራቢ ሰዓት ስለምትወጣ ከንጋት መቁጠር የሚያስኬድ ሥርዓት ነው። ቦረናዎች ደግሞ በጨረቃና በከዋክብት የሚመራ፣ ሃያ ሰባት የቀን ስሞች ያሉት የራሳቸው መቁጠሪያ አላቸው። ፕሮፌሰር አስመሮም ለገሠ እ.ኤ.አ. በ1973 ስለ ገዳ ባሳተሙት መጽሐፍ ይህን መቁጠሪያና አያንቱ የሚባሉትን የቀን አዋቂዎች በሰፊው ገልጸዋል። ሙስሊሙ ወገናችን ጾሙንና በዓሉን በሂጅራ ይቆጥራል። እንግዲህ አንድ ጠዋት በሞያሌ ገበያ የቆመ ሰው አራት ትክክለኛ ቀኖች ውስጥ ቆሟል ማለት ነው።

ከሁሉ የሚያስገርመው የሰዓቱ ጉዳይ ነው። ኬንያዊውም ቢሆን በስዋሂሊ ሲናገር ሰዓት የሚቆጥረው እንደ እኛው ከንጋት ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ለእርሱም «ሳአ ምቢሊ» ነው። ነርሷ ሻይ ቤት ስትገባ በዚህ ሰዓት ትነጋገራለች፤ ቢሮዋ ገብታ እንግሊዝኛ ስትጽፍ ያንኑ ሰዓት ስምንት ትለዋለች። እርሷ በሁለት ሰዓቶች መኖሯ የጤናማነት ምልክት ሆኖ ሳለ፣ ሕመምተኛው በአንዱ ብቻ መመለሱ የአእምሮ መቃወስ ተብሎ የሚመዘገብበት ምክንያት ምንድን ነው?

ጥያቄው በራሱ ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። ሰውዬው ቀኑንና ቦታውን ማወቅ አለማወቁ የሚጠየቅበት በቂ ምክንያት አለ። አንጎል የደረሰ ወባ፣ የጭንቅላት ጉዳት፣ ከባድ ትኩሳት፣ የእርጅና መርሳት ሰውን ጊዜና ቦታ ያስታሉ። በሕክምና መማሪያ መጻሕፍት እንደተጻፈው የስኪዞፍሬንያ ሕመምተኛ ግን ድምፅ እየሰማና ከእውነታ የራቀ እምነት ይዞም ቢሆን ቀኑንና ቦታውን አብዛኛውን ጊዜ ያውቃል። ስለዚህ «ጊዜን አያውቅም» ተብሎ በስሕተት የሚጻፍ ቃል ሐኪሙን ወደ ሌላ በሽታ ሊመራው፣ ወይም አእምሮው ጨርሶ ደክሟልና ተስፋ የለውም ወደሚል ድምዳሜ ሊያደርሰው ይችላል። ጥያቄው ከባድ ስለሆነ ነው በቀላሉ መጠየቅ የሌለበት።

በዓለም ላይ በሰፊው ከተሠራባቸው አጫጭር የአእምሮ መመዘኛዎች አንዱ ፎልስታይንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1975 ያወጡት ነው። ከሠላሳው ነጥብ አምስቱ ለጊዜ የተመደቡ ናቸው፤ ዓመቱ፣ ወቅቱ፣ ወሩ፣ ቀኑና ዕለቱ። ወቅቱ ሲባል አራቱን የሰሜን አገሮች ወቅቶች ማለት ነው። በማርች ወር ሞያሌ ላይ ቦረናው የጋናን ዝናብ ይጠብቃል፣ የደጋው ሰው በልግ ይላል፣ መጽሐፉ ግን የሚያውቀው የአሜሪካንን ፀደይ ነው። ወጣቱ ከአምስቱ ጥያቄዎች በደኅና ሊያልፍ የሚችለው «ዛሬ ምን ቀን ነው?» በሚለው ብቻ ነበር፤ ሐሙስ በሁሉም ዘንድ ሐሙስ ነውና።

በዚህ ረገድ ከብሪታንያ የተገኘ አንድ ጥናት ልጥቀስ። ቲም ክሮውና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ፣ ለረጅም ዓመታት በሆስፒታል የኖሩ የስኪዞፍሬንያ ሕመምተኞችን ዕድሜያቸውን ጠየቁ። ከአራቱ አንዱ ገደማ ከእውነተኛው ዕድሜው አምስት ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ዝቅ አድርጎ ተናገረ። አንዳንዶቹ ሆስፒታል በገቡበት ዕድሜ ላይ እንዳሉ የሚያምኑ ነበሩ። ክሮው ይህን ከሕመሙ ጋር ከሚመጣ የአንጎል ጉዳት ጋር አያይዞታል። ጥናቱ የታወቀና የተከበረ ነው። ነገር ግን አንባቢ አንድ ነገር ልብ ይበል፤ ስሕተት የተባለው ልዩነት አምስት ዓመት ነው። በሁለቱ አቆጣጠሮች መካከል ያለው ልዩነት ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ነው። የትውልድ ዘመኑን በእኛ አቆጣጠር የሚናገር፣ ጠያቂው ግን በአውሮፓውያን የሚደምርበት ኢትዮጵያዊ ሁሉ፣ ጤነኛም ቢሆን፣ ከአምስት ዓመቱ መስመር ወዲያ ይወድቃል። ያ ወጣት የወደቀው እንዲህ ነው።

ታዲያ ስኪዞፍሬንያ ጊዜን አይነካም ማለት ነው? ይነካል እንጂ፤ የሚነካው ግን በሌላ ቦታ ነው። ስሙን ለሕመሙ እ.ኤ.አ. በ1908 ያወጣለት ስዊዘርላንዳዊው ኦይገን ብሎይለር ነው። በእርሱ ሥር የሠራው ዩዤን ሚንኮቭስኪ እ.ኤ.አ. በ1933 «የተኖረ ጊዜ» በሚል ርእስ መጽሐፍ አሳተመ። ሚንኮቭስኪ ከአንድ ሕመምተኛ ጋር ለሁለት ወራት ያህል ሌትና ቀን አብሮ ኖሯል። ሰውዬው በየቀኑ «ዛሬ ማታ እገደላለሁ» ብሎ ይጠብቃል። ሌሊቱ በሰላም ያልፋል፤ ሲነጋ ግን የትናንቱ መትረፍ ለዛሬ ምንም አያስተምረውም፤ ፍርሃቱ እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራል። ሚንኮቭስኪ እንደተረዳው የተበላሸው የቀን ቆጠራው አልነበረም። ቀኖቹ አንዱ በሌላው ላይ መደራረብ፣ ወደ ፊትም መዘርጋት አቅቷቸው ነበር።

በቅርብ ዘመን የተደረጉ ሙከራዎች ይህንኑ በሰከንድ ሽራፊ ደረጃ አሳይተዋል። ሁለት ብልጭታዎች ተከታትለው ሲታዩ አብረው አለመምጣታቸውን ለመለየት የስኪዞፍሬንያ ሕመምተኞች ከሌላው ሰው የሰፋ ልዩነት ያስፈልጋቸዋል። የአጭር ጊዜ ርዝመት እንዲገምቱ ሲጠየቁም ግምታቸው ከሌላው ሰው ይበልጥ ይዋዥቃል። ሣራ ጄን ብሌክሞርና ክሪስ ፍሪዝ ከባልደረቦቻቸው ጋር የሠሩት ሙከራ ደግሞ ነገሩን ከኑሮ ጋር ያገናኘዋል። ሰው ራሱን ኮርኩሮ ራሱን ማሳቅ አይችልም፤ አንጎሉ የገዛ እጁን እንቅስቃሴ አስቀድሞ ስለሚያውቀው ነው። በጤነኛ ሰው ላይ እንኳ በእጁ እንቅስቃሴና በሚሰማው ንክኪ መካከል የአንድ ሰከንድ ሁለት ዐሥረኛ ያህል መዘግየት ሲገባ የገዛ ንክኪው መኮርኮር ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው ጥናታቸው እንዳሳየው፣ ድምፅ የሚሰሙና ሌላ ኃይል የሚያንቀሳቅሰን ይመስለናል የሚሉ ሕመምተኞች የራሳቸውን ንክኪና የሌላውን ሰው ንክኪ በአንድ ዓይነት ስሜት ይቀበሉታል። ከዚህ በመነሣት፣ ሰው የገዛ ሐሳቡን እንደ ባዕድ ድምፅ የሚሰማው በማሰቡና በመስማቱ መካከል ያለው ስምም ስለ ተፋለሰ ሊሆን ይችላል የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ።

እንግዲህ ወደዚያ ወጣት እንመለስ። «ትናንት ሳያልቅ ዛሬ መጣበት፤ ቃሉም ከእኔ ቀድሞ ይወጣል» ያለው ምን ማለቱ ነበር? ሚንኮቭስኪ ሁለት ወር አብሮ በመኖር፣ ተመራማሪዎቹ በመሣሪያ የደረሱበትን ነገር እርሱ በሦስት ዐረፍተ ነገር፣ ያለ ክፍያ፣ በአማርኛ ነግሮን ነበር። የተዛባው ጊዜ ያ ነበር። ቅጹ ግን የጠየቀው የተዛባውን ሳይሆን ያልተዛባውን ነው፤ ያልተዛባውንም ተዛባ ብሎ መዘገበው።

ይህ የወረቀት ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልተከራከርሁ። ጉዳቱ የሚጀምረው ግን ወረቀቱ ሥራ ላይ ሲውል ነው። ለስኪዞፍሬንያ ከሚሰጡት መድኃኒቶች አንዱ በየሦስትና በየአራት ሳምንቱ የሚወጋው ሞዴኬት የሚባለው መርፌ ነው። ቀጠሮው በካርድ ላይ ይጻፋል። በካርዱ ላይ «3/2፣ 8:00» ተብሎ ተጽፏል እንበል። የጻፈው ሰው ፌብሩዋሪ 3 ቀን ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ማለቱ ነው። የሕመምተኛው ቤተሰብ ግን ሁለተኛው ወር ጥቅምት፣ ስምንት ሰዓትም ከቀትር በኋላ መሆኑን ነው የሚያውቀው። ወሩ እንኳ በቃል ተነግሮት ቢስተካከል፣ ሰዓቱን አምኖ በስምንት ሰዓት ሲደርስ መርፌ የሚወጋው ባለሙያ ሥራውን ጨርሶ ይሆናል። በመዝገቡ ላይ የሚጻፈው «ቀጠሮ አላከበረም» የሚል ነው። መርፌው ሲያመልጥ ሕመሙ ያገረሻል፤ ሲያገረሽ ደግሞ «ብለን ነበር፣ ጊዜ አያውቅም» ይባላል። ፍርዱ ራሱ ማስረጃውን ይፈጥራል።

ከዚህ ወዲያ የሚወቀሰው ባለሙያ ብቻ እንዳይመስለን። በየቤታችን ያለነው እኛስ? ከመካከላችን ታማሚ ያለበት ሰው እስቲ ራሱን ይጠይቅ። ቤት ውስጥ ዘመድ ሲሞት ለታመመው ልጃችን ቀኑን እንነግረዋለን? «ነገ ጠበል እንሄዳለን»፣ «ነገ ሐኪም ዘንድ እንወስድሃለን» እያልን ያልፈጸምናቸው ነገዎች ስንት ናቸው? «ምን ያውቃል ብለህ ነው» እያልን የምንዋሸው ሰው፣ ለእርሱ ነገ የሚባለው ቀን እንዳይዘረጋ የሚታገለውን ሕመም እያገዝንለት መሆናችንን አናስተውልም። ወጥቶ ይጠፋል ብለን በገመድ ወይም በሰንሰለት ስናስረውም ቀኑን ከቀን የሚለይለትን ነገር ሁሉ፣ ገበያውን፣ ጸሎቱን፣ ከብት ማሰማራቱን፣ ጥላ ሲዞር ማየቱን ሳይቀር እንወስድበታለን። ከዚያ በኋላ ቀን ጠፋበት ብለን መደነቃችን አግባብ ነውን?

የእነዚህ ሰዎች ጊዜ በእርግጥ ይጠፋል፤ የሚጠፋው ግን የዕድሜያቸው ጊዜ ነው። ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ በምትገኘው በቡታጅራ አካባቢ፣ ከ1990ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ጀምሮ የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች ከ15 እስከ 49 ዓመት የሆናቸውን 68,378 ሰዎች ቤት ለቤት ጠይቀው ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ለዩ። አብዛኞቹ ዘመናዊ ሕክምና አግኝተው የማያውቁ ነበሩ። ከእነዚህ 919 ሕመምተኞችን ለዐሥር ዓመት ተከታተሏቸው፤ 121ዱ ሞቱ። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ውጤት እንደሚያሳየው፣ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው በዚያ አካባቢ ዕድሜው ወደ ሠላሳ ዓመት ያጥራል። ከሟቾቹ ግማሽ ያህሉን የገደለው ደግሞ ተላላፊ በሽታ ነው። ሠላሳ ዓመት! በሁለቱ አቆጣጠሮች መካከል ያለውን ስምንት ዓመት ስሕተት ነው ብለን በቀይ ብዕር የምናሰምር ሰዎች፣ ይህን ሠላሳ ዓመት በየትኛው ቅጽ ላይ ጽፈነዋል?

ከሞያሌ ናይሮቢ እ.ኤ.አ. በ1910 እስከ ተከፈተው ማታሪ ሆስፒታል፣ ወይም አዲስ አበባ እስከሚገኘው አማኑኤል ሆስፒታል፣ ወደየትኛውም ብንሄድ ከሰባት መቶ ሃምሳ ኪሎ ሜትር የማያንስ መንገድ ነው። እዚህ ድንበር ላይ የሚኖር ሕመምተኛ ዕድሉ የተንጠለጠለው በአንድ አጭር ጉብኝት፣ በአንድ ቅጽና በአንድ አስተርጓሚ ነው። ስለዚህ ስሕተቱ ትንሽ ነው ማለት አይቻልም።

የሚነሡትን ተቃውሞዎች አላውቃቸውም አልልም። የመጀመሪያው ባለሙያው ራሱ ያለው ነው፤ ኬንያ የሚኖር ሰው የኬንያን ቀን ይወቅ የሚል። መልካም ነው፤ ይወቅ። ነገር ግን የአንድን አገር የቀን አቆጣጠር ማወቅ ትምህርት እንጂ ጤና አይደለም። እ.ኤ.አ. በማርች 2018 በኢትዮጵያው ሞያሌ ወታደሮች ሰላማዊ ሰዎችን ከገደሉ በኋላ ወደ ዐሥር ሺህ የሚጠጉ ነዋሪዎች ድንበሩን ተሻግረው ወደ ኬንያ መግባታቸውን እናስታውሳለን። እነዚያ ሰዎች በግማሽ ቀን የእግር መንገድ ከ2010 ወደ 2018 ገብተዋል። በማግስቱ ቀኑ ተምታታባቸው ቢባል አእምሯቸው ታሟል የሚል ሰው ይኖራልን?

ሁለተኛው ተቃውሞ ከሙያ ባልደረቦቼ የሚመጣ ነው፤ አስተርጓሚ ማብራራት ከጀመረ ሐኪም ልሁን አለ ማለት ነው፣ ቃል በቃል ማለቱ ይሻላል የሚል። በዚህ ነጥብ ላይ አልስማማም። የሕመምተኛውን ንግግር ማቃናት እንደማይገባን አምናለሁ፤ አሁንም አላቃናም። ነገር ግን «2011» የሚለውን ቁጥር ዘመኑን ሳልጠቅስ ማቀበሌ ቃል በቃል መተርጎም አልነበረም። ወጣቱ በአማርኛ «2011» ሲል ዓመተ ምሕረት የሚለው በቃሉ ውስጥ አለ፤ እኔ ነኝ ቆርጬ የጣልሁት። ዘመኑ ያልታወቀ ቁጥር ግማሽ ቃል ነው፤ ግማሽ ቃልን አሳልፎ መስጠትም በትርጉም ሥራ ታማኝነት አይባልም። «2011 ይላል፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው» ለማለት ሐኪም መሆን አያስፈልግም።

ሦስተኛው ተቃውሞ ይህ ሁሉ በዘመነ ስልክ ያረጀ ክርክር ነው የሚለው ነው። ስልኩ ሁለቱንም ቀን እንደሚያሳይ አውቃለሁ። የታመመው ሰው ግን ብዙውን ጊዜ ስልኩ ተወስዶበታል፤ የተወሰደበትም «ምን ያደርግለታል» ተብሎ ነው።

«የአገሩን ሠርዶ በአገሩ በሬ» እንዲሉ፣ መፍትሔው ከባሕር ማዶ የሚመጣ አይደለም። በድንበሩ ግራና ቀኝ ያሉ ጤና ተቋማት የቀጠሮ ካርድ ላይ ሁለቱን ቀኖች ጎን ለጎን ይጻፉ፤ ወሩ በቁጥር ሳይሆን በስም፣ ሰዓቱም «ጠዋት» ወይም «ከቀትር በኋላ» ተብሎ ይገለጽ። ለዚህ ከብዕር በቀር ሌላ በጀት አይጠይቅም። ቀን የሚጠይቅ ባለሙያ አስቀድሞ «በምን ትቆጥራለህ?» ይበል። ቁጥሩ ቢያጠራጥረው ዛሬ ምን በዓል እንደሆነ፣ የትኛው ዝናብ እንዳለፈ፣ ጾሙ ስንት ሳምንት እንደያዘ ይጠይቅ፤ ሕመምተኛው ጊዜ ጠፍቶበት ከሆነ በዚህም ይታወቃል። አስተርጓሚዎች ቁጥርን ያለ ዘመኑ አናቀብል። ቅጹ ያልጠየቀውን ንግግርም፣ ትናንት አላለቀም ያለውን ሰው ቃል፣ ኅዳግ ላይም ቢሆን እንዲጻፍ እንለምን። በየቤታችን ደግሞ ለታመመው ሰው በየጠዋቱ ቀኑን እንንገረው፤ ነገ ካልነውም ነገ እናድርገው።

የዚያ ወጣት ወረቀት አሁን በየትኛው መሳቢያ እንዳለ አላውቅም። እናትየዋን ከዚያ በኋላ አንድ ቀን ገበያ ላይ አግኝቻቸው ነበር። ልጃቸው እንዴት እንደሆነ ጠየቅኋቸው። «አንዳንዴ ደኅና ነው፤ አንዳንዴ እንደዚያው ነው» አሉና፣ ቀጠሮ ሳገኝ ቀኑን በእኛ አቆጣጠር እንድጽፍላቸው ለመኑኝ። ከዚያ ወዲህ ለእርሳቸውም ሆነ ለሌላ ሰው በእጄ የሚያልፍ የቀጠሮ ካርድ ሁሉ ሁለት ቀን አለው። መጋቢት 5 ቀን በመጣ ቁጥር ግን አንድ ነገር ያሳፍረኛል፤ በዚያች ክፍል ውስጥ ከነበርነው ሦስት ሰዎች መካከል ዕለቱ ምን እንደሆነ በትክክል የተናገረው ጊዜን አያውቅም የተባለው ሰው ብቻ ነበር።